ጥያቄና መልስ፦ የድሮው ጭራቅ ለምን የበለጠ ያስፈራል?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚሠሩ የሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልሞች ቀድመዋቸው በትንሽ ገንዘብ ከተሠሩት ጋር ሲተያዩ ምን ይመስላሉ? ለቦታ ስንል ጥያቄዎቹን አሳጥረናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ስታር ዋርስ በ11 ሚሊዮን ዶላር ነው የተሠራው፤ ዛሬ በዚህ ገንዘብ አንድ የውጊያ ትዕይንት አይወጣም» ሲባል እሰማለሁ። ይህ ንጽጽር ያስኬዳል?

መልስ፦ ግማሹ ያስኬዳል። 11 ሚሊዮኑ የ1977 ዶላር መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ በ1977 አማካዩ 60.6 ነበር፤ በ2023 ደግሞ 304.7። 304.7ን ለ60.6 ሲያካፍሉ 5 ገደማ ያገኛሉ፤ ስለዚህ ፊልሙ በ2023 ዋጋ 55 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል ማለት ነው። ከዛሬዎቹ 200 ሚሊዮን ዶላር ፊልሞች ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ የድሃ ፊልም ግን አይደለም። በዚሁ ስሌት በ1984 በ6.4 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው የመጀመሪያው «ተርሚኔተር» ወደ 19 ሚሊዮን ይጠጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሴይ» ላይ ነው። የ1968 ፊልም ስለሆነ ብቻ «በርካሽ ከተሠሩት» ጋር ይደምሩታል። በዘመኑ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል፤ ይህም ዛሬ ከ90 ሚሊዮን በላይ ነው። ጠፈርተኛው የሚሮጥበት እንደ መንኮራኩር የሚዞረው ክፍል ብቻውን ስፋቱ 12 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 30 ቶን ነበር፤ ለእሱም 750,000 ዶላር ፈሷል። እውነተኛ ዝቅተኛ በጀት ማየት ከፈለጉ ወደ ሌላ መደርደሪያ ይሂዱ፦ በ1958 በ110,000 ዶላር የተሠራው «ዘ ብሎብ»፣ በ1974 በ60,000 ዶላር የተሠራው «ዳርክ ስታር»፣ በ2004 በ7,000 ዶላር የተሠራው «ፕራይመር» እዚያ አሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሲነገር የሚሰሙት በጀት የማስታወቂያን ወጪ አይጨምርም። ከትኬት ገቢ ግማሽ ያህሉን ሲኒማ ቤቶች ስለሚወስዱ ደግሞ አንድ ፊልም ወጪውን ለመመለስ ከበጀቱ እጥፍና ከዚያ በላይ መሸጥ አለበት። 200 ሚሊዮን ዶላር ያፈሰሰ ስቱዲዮ ፊልሙን ለአንድ ዳይሬክተር ዓይን ብቻ አይተወውም፤ ብዙ ሰው ያየዋል፣ ብዙ ሰው አስተያየት ይሰጣል፣ ጭራቁ ምን እንደሚመስል የሚወሰነውም ብዙ ጊዜ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ወደዚህ ነጥብ ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ የ1982ቱን «ዘ ቲንግ» እና በ2011 የወጣውን የታሪኩን መቅድም በአንድ ምሽት አከታትዬ አየሁ። የአሮጌው ጭራቅ ይዘገንናል፤ የአዲሱ ደግሞ የቪዲዮ ጌም መስሎኝ ቁጭ አለ። ናፍቆት ይሆን እንዴ?

መልስ፦ ናፍቆት አይደለም። ልዩነቱ በዓይን የሚለይ ነው።

በ1982ቱ የጆን ካርፔንተር ፊልም ጭራቆቹን የሠራው ሮብ ቦቲን ነው፤ ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ወጣት። ጭራቁ በካሜራው ፊት፣ ከተዋናዩ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ሰውየውን ያበራው መብራት ጭራቁንም አብርቶታል፤ ጥላቸው አንድ ወለል ላይ ወድቋል። ቆዳው ከአረፋ ጎማና ከጄላቲን የተሠራ ሲሆን እርጥብና የሚያዳልጥ እንዲሆን ማዮኔዝ፣ የተፈጨ በቆሎ፣ በማይክሮዌቭ የቀለጠ ማስቲካ ሳይቀር ተቀብቶበታል። ይህ የምግብ ቤት ዝርዝር ያስቃል፤ ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። እርጥብ ነገር መብራትን የሚመልሰው በየሚሊሜትሩ በተለያየ መንገድ ነው፤ ዓይናችን ሥጋን ከፕላስቲክ የሚለየውም በዚህ ነው። የታካሚው ደረት ተከፍቶ የሐኪሙን እጆች የሚቆርጥበት ትዕይንት ላይ ደግሞ በእርግጥ ሁለት እጁን ያጣ ሰው በሐኪሙ ቦታ ተተክቶ፣ ሰው ሠራሽ ክንድ ተገጥሞለት ተቀርጿል። በአንድ አጭር ሾት (ሳይቋረጥ በሚታይ ቀረጻ)፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ።

«ከአንድ አቅጣጫ ብቻ» የምትለዋን ልብ ይበሉ። የጎማ ጭራቅ ጥሩ ጎኑ አንድ ነው፤ በሌላው ጎኑ ገመድ፣ ቱቦና ከጠረጴዛ ሥር የተኛ ሰው አለ። ስለዚህ ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ጭራቁ ምን እንደሚያደርግ፣ ሾቱ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የተወሰነው ጎማው ሳይፈስ፣ ከወራት በፊት ነው።

የ2011ዱ ታሪክ የሚያስቆጨው በዚህ በኩል ነው። እሱም የተጀመረው በእጅ ሥራ ነበር። አማልጋሜትድ ዳይናሚክስ የተባለው ድርጅት በሞተርና በገመድ የሚንቀሳቀሱ ጭራቆችን ሠርቶ ተዋንያኑ ፊት አቁሟቸዋል፤ ተዋንያኑም የሚደነግጡት እነሱን እያዩ ነው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ግን አብዛኛው በኮምፒውተር ምስል ተሸፈነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን።

እንዲህ ዘግይቶ የሚለጠፍ ምስል የሚበላሽበት መንገድ የታወቀ ነው። መብራቱ የተተከለው ለጎማው ነበር፤ አዲሱ ምስል በቅርጽም በቆዳም ሌላ ስለሆነ ያው መብራት አይገጥመውም። ኤዲተሩ ሾቱን የቆረጠው በጎማው እንቅስቃሴ ልክ ነው፤ አኒሜተሩ ሌላ እንቅስቃሴ በዚያ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ማጨቅ ይኖርበታል። ኮምፒውተር ጭራቁን እንደልብ ስለሚያስሮጥም ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ክብደቱ ይጠፋል። ከሁሉም የሚያሳብቀው ንክኪ ነው። ራስዎ መፈተሽ ከፈለጉ ጭራቁ ሰው የሚይዝበትን ቅጽበት ያቁሙና ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ልብሱ ተጨማድዷል ወይ? እግሩ ሥር ያለው ጥላ ከወለሉ ጋር ተጣብቋል ወይስ ተንሳፏል? ርጥበቱ ወደ ሰውየው ተላልፏል ወይ?

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ የ1982ቱ ሲወጣ ገበያው ቀዝቃዛ ነበር፤ ብዙ ሐያሲም አጸያፊ ብሎ አጣጥሎታል። ዝናው የመጣው በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ለአጭር ፊልም 80 ሳንቲሜትር የምትረዝም የጠፈር መርከብ ከካርቶንና ከፕላስቲክ ሠርተን በረሃ ላይ ስትከሰከስ በስልክ ቀረጽን። ውጤቱ አሻንጉሊት ሲወድቅ ነው የሚመስለው። የድሮ ሰዎች በምን ዘዴ ነው ሞዴል የሚያከብዱት?

መልስ፦ በመጀመሪያ መርከቧ በታሪኩ ውስጥ ስንት ሜትር እንደሆነች ይወስኑ። 20 ሜትር ናት እንበል። 80 ሳንቲሜትር በ20 ሜትር ውስጥ 25 ጊዜ ይገባል፤ ስለዚህ ስኬላችሁ 1/25 ነው። አሁን የ25ን ስኩዌር ሩት (በራሱ ሲባዛ 25 የሚሰጠውን ቁጥር) ይውሰዱ፦ 5። የተለመደውን በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በ5 ያባዙ፤ 120 ይመጣል። በሰከንድ 120 ፍሬም ቀርጻችሁ በ24 ስታጫውቱት አወዳደቋ የ20 ሜትር መርከብ አወዳደቅ ይሆናል።

ለምን ስኩዌር ሩት? መሬት ሁሉንም ነገር በእኩል ፍጥነት ትስባለች፤ ለአሻንጉሊት ብላ አትዘገይም። እውነተኛ ነገር 10 ሜትር ለመውደቅ 1.43 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ1/25 ስኬል 10 ሜትሩ 40 ሳንቲሜትር ነው፤ ይህን ለመውደቅ 0.286 ሰከንድ ብቻ ይበቃል። 0.286ን በ5 ሲያባዙ 1.43 ይመለስልዎታል። እናንተ ሳታዘገዩ ስለቀረጻችሁ ዓይን «ይህ ነገር 40 ሳንቲሜትር ነው የወደቀው» ብሎ በቅጽበት ፈርዷል።

ስኬሉን በካሜራችሁ ልክ መምረጥም ይቻላል። ስልኩ እስከ 120 ፍሬም ከሆነ የሚሰጠው 1/25 ላይ ቆዩ፤ 240 ከሆነ የሚሰጠው ደግሞ እስከ 1/100 መውረድ ትችላላችሁ። 1/16 ሞዴል 96 ፍሬም፣ 1/4 ሞዴል 48 ፍሬም ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ብርሃን ነው። በ120 ፍሬም እያንዳንዱ ምስል የሚያገኘው የብርሃን ጊዜ ከመደበኛው አንድ አምስተኛ ነው። የስልክ ሌንስ ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ስለሚያሳይ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ። በትልቅ ካሜራ ቢሆን የሞዴሉ ጭራ እንዳይደበዝዝ የሌንሱን ቀዳዳ ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 16 ማጥበብ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ብርሃኑን በ16 ይቀንሳል። 5 በ16 ሲባዛ 80፤ ማለትም 80 እጥፍ ብርሃን ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ቅረጹ። ፀሐይ አንድ ጥርት ያለ ጥላ ትሰጣለች፤ በእውነተኛ በረሃም የሚጠበቀው ይኸው ነው። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ከተጠቀማችሁ በዝግታ ሲጫወት ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አምፖሉ የመብራት ኃይሉን ምት እየተከተለ ስለሚርገበገብ ነው። ዋናውን ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ሰከንድ ሞክሩና እዩ።

የካሜራው ከፍታም በስኬሉ መውረድ አለበት። ሰው ዓይኑ 1.6 ሜትር ላይ ነው ብንል፣ በ1/25 ሌንሱ ከአሸዋው 6.4 ሳንቲሜትር ላይ መቀመጥ አለበት። ስልኩን ቆመው ከያዙት ተመልካቹ ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ እንደሚያይ ይሰማዋል። ካሜራውን የምታዞሩ ከሆነም እጃችሁ 5 ጊዜ መፍጠን አለበት፤ አለዚያ ሲጫወት ምስሉ እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባል። በስክሪን ላይ 2 ሰከንድ የሚቆይ ነገር በቀረጻው ጊዜ 0.4 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ መርከቧን የሚለቀው፣ አቧራውን የሚያፈነዳውና ካሜራውን የሚያዞረው ሰው በቁጥር ይለማመዱ። ሦስትና አራት ጊዜ መበላሸቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚሰበረውን የመርከቧን አፍንጫ ብዙ አድርጋችሁ ሥሩ።

የካርቶኑን ጠርዝም እዩት። 3 ሚሊሜትር ካርቶን በ1/25 ስኬል 7.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው። ለታንክ ይሆናል፤ ለመርከብ በር ግን ያስቃል። ጠርዙን በምላጭ አሳሱት ወይም በቀጭን የፕላስቲክ ወረቀት ሸፍኑት። የሚያብለጨልጭ ቀለም አትጠቀሙ። ለላይኛው ዝርዝር የታንክና የመኪና መገጣጠሚያ አሻንጉሊቶችን ቁርጥራጭ ለጥፉ፤ የ1977ቱ ስታር ዋርስ መርከቦች ላይ የሚታየው የማሽን ብዛት በአብዛኛው የመጣው ከእንዲህ ያለ ሳጥን ነው። አሸዋውንም ቀይሩት፤ የተራ አሸዋ ፍሬ በዚህ ስኬል እንደ ጠጠር ይታያል። የተነፋ ደቃቅ አፈር ይሻላል፤ ሲነሳም እንደ ደመና ይንሳፈፋል።

መርከቧ በክር የምትሰቀል ከሆነ አንድ የቆየ ብልሃት አለ፦ ሞዴሉን ገልብጣችሁ ስቀሉ፣ ካሜራውንም ገልብጡ። ተመልካች ክር የሚፈልገው ከላይ ነው፤ ክሩ በሥሩ ሲያልፍ ልብ አይለውም።

በውሃና በእሳት ግን አትድፈሩ። የውሃ ጠብታ በስኬል አያንስም፤ 1/25 ሞዴል ላይ አንዲት ጠብታ እንደ ኳስ ትታያለች። ባለሙያዎች ለውሃ የሚመርጡት እስከ 1/4 የሚደርስ ትልቅ ሞዴል ነው። መርከቧ የምትወድቅ ሳትሆን ባዶ ጠፈር ላይ የምትንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ የፍጥነት ሒሳብ አያስፈልግም። የስታር ዋርስ ቡድን ሞዴሉን አቁሞ ካሜራውን ነው ያንቀሳቀሰው፤ ዳይክስትራፍሌክስ የተባለው በኤሌክትሮኒክ የሚመራ ካሜራ ያንኑ ጉዞ ደጋግሞ በትክክል ስለሚሄድ አንዴ መርከቡን፣ አንዴ የሞተሩን ብርሃን ለየብቻ መቅረጽ ተችሏል። በመግቢያው ላይ ከራሳችን በላይ አልፎ አላልቅ የሚለው ግዙፍ መርከብ ርዝመቱ 91 ሳንቲሜትር ገደማ ነበር። ከእናንተዋ በ11 ሳንቲሜትር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በ1953ቱ «ዋር ኦፍ ዘ ዎርልድስ» የማርስ ሰዎቹ መንኮራኩር የተሰቀለበት ሽቦ በአንዳንድ ቅጂ ይታያል፣ በሌላው አይታይም። የትኛው ነው ትክክለኛው?

መልስ፦ ሽቦው ሁልጊዜም ነበር። ፊልሙ በወጣበት ዘመን ለሲኒማ ቤት ቴክኒከለር በተባለው የቀለም አሠራር የሚታተመው ቅጂ ለስለስ ያለ ስለነበር ሽቦውን ይውጠው ነበር። በኋላ በቴሌቪዥንና በዲስክ የወጡት ጥርት ያሉ ቅጂዎች አጋለጡት። ከዚያ ወዲህ በ4ኬ (በከፍተኛ የምስል ጥራት) ሲታደስ ሽቦዎቹ በዲጂታል ተሰርዘዋል። እድሳት ላይ እጅ ማስገባትን ብዙ ባንወድም፣ የ1953 ተመልካች ያላየውን ሽቦ መሰረዝ ለፊልሙ ታማኝ መሆን ይመስለናል።

ጥያቄ፦ እንግዲህ ጥፋተኛው ሲጂአይ (በኮምፒውተር የሚሠራ ምስል) ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከአንባቢዎቻችን ጋር የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

በ1993 የወጣውን «ጁራሲክ ፓርክ» ይውሰዱ። ዳይኖሰሮች ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ለ15 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያም በኮምፒውተር የተሠራው 6 ደቂቃ ገደማ ብቻ፣ ቀሪው የስታን ዊንስተን ቡድን በእጅ የሠራቸው ግዙፍ አሻንጉሊቶች ናቸው። ትልቁ ዳይኖሰር አጥሩን ጥሶ የሚወጣው በሌሊትና በዝናብ ነው። ሌሊቱ የኮምፒውተሩን ጉድለት ይሸፍናል፤ ዝናቡ ቆዳውን ያበራዋል። ዝናቡ ዋጋም አስከፍሏል፤ የአሻንጉሊቱ የአረፋ ቆዳ ውሃ እየመጠጠ ሲከብድ መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሠራተኞች በየመሃሉ በፎጣ ያደርቁት ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ኮምፒውተሩ የገባው አሻንጉሊት የማይችለውን ነገር፣ ማለትም መሮጥንና መላ ሰውነትን ለማሳየት ነው።

ከዘመናችን ደግሞ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» አለ። በ2023 ሲወጣ በጀቱ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር፤ 610 የኢፌክት ሾቶቹን 35 ያህል ሰዎች ሠርተው በ2024 የኦስካር የልዩ ኢፌክት ሽልማት ወስዷል። ምስጢሩ አዲስ ሶፍትዌር አይደለም። ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ የኢፌክቱም ኃላፊ ራሱ ነበር፤ ከባለሙያዎቹ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ «ይህ ይበቃል፣ ያኛው ይስተካከል» ይላል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በትልቅ ስቱዲዮ ያው ሾት በተለያየ አገር ባሉ ድርጅቶች መካከል ይመላለሳል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሰው ደግሞ ከወር በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል።

ዳይሬክተሩ ጋሬት ኤድዋርድስም ከዚሁ ወገን ነው። «ሞንስተርስ» የተባለውን የ2010 ፊልሙን ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በታች ሲሠራ ኢፌክቱን ራሱ ነው የሠራው። በ2023 በ80 ሚሊዮን ዶላር «ዘ ክሪኤተር»ን ሲሠራም ልማዱን አልተወም፦ መጀመሪያ እውነተኛ ቦታዎች ሄዶ በአነስተኛ ካሜራ ቀረጸ፣ ፊልሙን ቆረጠ፣ ከዚያ በኋላ በተመረጡት ሾቶች ላይ ብቻ ሮቦቶቹንና ሕንፃዎቹን ጨመረ። የሚጣል ሾት ላይ ገንዘብ አልባከነም፤ መብራቱም የእውነት ፀሐይ ነው።

«ፊልማችን ያለ ኮምፒውተር፣ ሙሉ በሙሉ በእውነተኛ ኢፌክት ነው የተሠራው» የሚል ማስታወቂያ ሲሰሙም ጆሮዎን አይስጡ። በ2015 የወጣው «ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ» በእውነተኛ መኪናዎቹ ይወደሳል፤ ይገባዋልም። ግን ከ2,000 በላይ የኢፌክት ሾቶች አሉበት። ኮምፒውተሩ ያልታየው ከሥሩ የሚገለበጥ እውነተኛ መኪና ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ በአዲሱ ቴሌቪዥኔ የድሮ ፊልሞች ሁሉ የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላሉ፤ ሜካፑና ጎማው ይጋለጣል። ቴሌቪዥኑ ነው ፊልሙ?

መልስ፦ ቴሌቪዥኑ ነው። በፍሬሞች መካከል ራሱ የፈጠረውን ምስል እየጨመረ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን የፍሬሞቹ ድብዝዝታ የጎማውን ጉድለት ይሸፍናል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ሳምሰንግ ከሆነ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ»፣ ኤልጂ ከሆነ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ከሆነ «ሞሽንፍሎው» የሚለውን ያጥፉ። «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ማብራት ብቻውን አብዛኛውን ያስተካክላል። ከሌለ ኖይዝ ሪዳክሽንን ያጥፉ፤ የፊልሙን ቅንጣት አጥፍቶ ፊትን ሰም ያስመስላል። ሻርፕነስን ይቀንሱ። ዜሮ ማድረግ ለብዙዎቹ ይሠራል፤ በሶኒ ላይ ግን ሚዛኑ 50 ነው፣ ከዚያ ዝቅ ካደረጉት ምስሉ ይደበዝዛል።

የ1950ዎቹ መጀመሪያና ከዚያ በፊት የነበሩ ፊልሞች ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ቅርጽ ስላላቸው በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይኖራል። ይተዉት። ስክሪኑን ለመሙላት ካጎሉት ከላይና ከታች ይቆረጣል፣ ከለጠጡት ደግሞ ሁሉም ሰው ይወፍራል።

በአንዳንድ የቴሌቪዥን ስርጭትና በድሮ ዲቪዲ ደግሞ 24ቱ ፍሬም በ25 ይጫወታል። የ120 ደቂቃ ፊልም በ115 ደቂቃ ያልቃል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ለኮሜዲ ችግር የለውም፤ በዝግታ ለሚከብድ ጭራቅ ግን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ አሮጌና አዲስ እያጣመርኩ ለማየት ብፈልግ የትኞቹን ትመክራላችሁ? ምኑንስ ልመልከት?

መልስ፦ በ1954ቱ «ጎጂራ» እና በ«ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ይጀምሩ። የመጀመሪያው 50 ሜትር የሚሆን ጭራቅ በ1/25 ከተማ ላይ የሚራመድ ሰው ነው፤ ልብሱ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። የሚያንገዳግደው ያ ሸክም ለጭራቁ ክብደት ሰጥቶታል። በአዲሱ ላይ ክብደቱን ለማምጣት ምን እንዳደረጉ ያወዳድሩ፤ በተለይ እግሩ መሬት ሲነካ ዙሪያው ያለው ነገር ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደሚናድ።

ቀጥሎ በ1962 የወጣውን የፈረንሳዩን «ላ ዤቴ» ይመልከቱ፤ 28 ደቂቃ ነው፤ ከአንዲት ቅጽበት በቀር ሙሉ በሙሉ በቆሙ ፎቶዎች የተሠራ። «12 ሞንኪስ» በ1995 ከእሱ ተነስቶ በ29 ሚሊዮን ዶላር ተሠራ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ጊዜን መሻገር ለማሳየት ማሽን የግድ አለመሆኑን ግን የሚያስተምረው የመጀመሪያው ነው።

«ዱን»ን የ1984ቱንና የ2021ዱን ሲያዩ ደግሞ የሰዎቹን ጉንጭና አገጭ ሥር ይመልከቱ። በአዲሱ ላይ ከተዋንያኑ ጀርባ፣ በኋላ በሌላ ምስል ለመተካት በሚሰቀለው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ ፈንታ፣ አሸዋማ ቀለም ያለው ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር፤ ስለዚህ ፊታቸው ላይ የሚመለሰው ብርሃን የበረሃ ነው። በሌሎች ፊልሞች ፀጉር ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካዩ ምክንያቱን አሁን አወቁት።

ከድሮዎቹ ግን ዝነኞቹን ብቻ እንደምናይ አይዘንጉ። በ1950ዎቹ የተሠራው የጎማ ጭራቅ ፊልም አብዛኛው አሰልቺ ነው፤ ማንም አላደሰውም፣ ማንም አያወራለትም።

ጥያቄ፦ በእጃችን ያለው ገንዘብ በጣም ትንሽ ነው። ሳይንሳዊ ልብወለድ መሞከር ሞኝነት ነው?

መልስ፦ ገንዘቡ ስክሪኑ ላይ የሚፈለግበትን ታሪክ ካልመረጣችሁ አይደለም። «ፕራይመር» የጊዜ ጉዞ ማሽኑ በመጋዘን ውስጥ ያለ ሳጥን ነው። ሼን ካሩት ጻፈው፣ ዳይሬክት አደረገው፣ ተወነበት፣ ቆረጠው፣ ሙዚቃውንም ሠራው። ሱፐር 16 በተባለ የጥቅል ፊልም ስለቀረጸና ጥቅሉ ውድ ስለነበር እያንዳንዱን ሾት አስቀድሞ በፎቶ አንስቶ አቅዷል። በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታላቁን የዳኞች ሽልማት ወሰደ። የፈረንሳዩ «አልፋቪል» በ1965 የሩቅ ዘመን ከተማ ለማሳየት አንድም ግንብ አልሠራም፤ የፓሪስን አዳዲስ የመስታወት ሕንፃዎች በሌሊት ቀረጸ። የሶቪየቱ ዳይሬክተር የታርኮቭስኪ «ሶላሪስ» ደግሞ በ1972 የቶክዮን የመኪና መንገድ የወደፊቱ ከተማ አድርጎ አቀረበ።

የሚያስቅ ነገር ከመጣም ሳቁን ተቀበሉት። በ«ዳርክ ስታር» ውስጥ ያለው የሌላ ዓለም ፍጡር የባሕር ዳርቻ መጫወቻ ኳስ ነው፣ እግር የተገጠመለት። ፊልሙ ኮሜዲ ስለሆነ ያስኬዳል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዳን ኦባነን ያንኑ ሐሳብ ያለ ሳቅ ደግሞ ሲጽፈው በ1979 «ኤሊየን» ሆነ። እዚያም ፊልሙ ጭራቁን የሚያሳየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮትም ክፍሉ ግዙፍ እንዲመስል ልጆቹን ትንንሽ የጠፈር ልብስ አልብሶ ከርቀት ቀርጿቸዋል።

ጥያቄ፦ የስታር ዋርስ የጨረር ጠመንጃ ድምፅ እንዴት እንደተሠራ ብትነግሩን? ያለ ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ የመጀመሪያውም ያለ ሲንተሳይዘር ነው። የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት የሬዲዮ ማማ ደግፎ የያዘን የብረት ገመድ በመዶሻ መትቶ ነው የቀረጸው። በረጅም የብረት ገመድ ውስጥ ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ ቀድሞ ይደርሳል፤ «ፒዩው» ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። በቤት ውስጥ ደረጃ የምትወርደው ዓይነት ረጅም የብረት ስፕሪንግ መጫወቻ ይበቃል። አንዱን ጫፍ የወረቀት ኩባያ ቂጥ ላይ እሰሩ፣ ስፕሪንጉን ሁለት ሦስት ሜትር ወጥሩት፣ የስልኩን ማይክ ኩባያው አፍ ውስጥ አስገቡ፣ ሌላውን ጫፍ በማንኪያ ምቱት። ስፕሪንጉ ወለል ወይም ግድግዳ ከነካ ድምፁ ይሞታል፤ ከላላም ቀለበቶቹ እየተጋጩ ይንኳኳሉ። የስልኩ መቅረጫ ድምፅ በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ያጥፉት፤ አለዚያ የመጀመሪያውን ምት ይጨፈልቀዋል፣ ጠመንጃው የሚተኩሰው ደግሞ በዚያች ምት ነው።